ምክርና ግብር



በ19ኛው መቶ ዓመት የአሜሪካ ትናንሽ ከተሞች ምክር ቤቶች ስለ መንገድ፣ ስለ ውሃ፣ ስለ እሳት አደጋና ለዚሁ ስለሚከፈለው ግብር ይመክሩ ነበር። በአገራችንም በ1937 ዓ.ም. የወጣው የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ ከነዋሪው የተመረጡ ሰዎች ከሹማምንቱ ጋር በጉባኤ እንዲቀመጡ ደንግጎ ነበር።

ከከፋዩ ጋር ያልተመከረበት ግብር የሚያስከትለውን ሞጣና ቢቸና ይመሰክራሉ። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ፣ ገበሬው ርስቴን አጣለሁ ብሎ ሠግቶ አመፀ፤ ጦርም ዘመተበት። በመጨረሻ አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፤ ውዝፉም ግብር ተማረ።

ያ የገጠር ግብር ቢሆንም ትምህርቱ ለከተማም ነው። ስለዚህ ቃለ ጉባኤ የምትጽፉ ሁሉ፣ ገንዘቡ ለምን እንደሚውል ለከፋዩ አስቀድማችሁ ግለጹለት። ደረሰኝ ግብር መከፈሉን ያስረዳል፤ ለምን እንደ ተከፈለ የሚያስረዳው ግን ምክር ነው።