ጥላቻ የሚነዛበትን መሣሪያ ለመብት ትምህርት ስለማዋል



በፎንቆ ገበያ ሐዲያውና ስልጤው፣ ከምባታውና ጉራጌው ጎን ለጎን ይሸጣሉ፤ ይገዛሉ። በዚያ መካከል የጎረቤቱን ዘር የሚሰድብ ሰው ቢነሣ፣ ሽማግሌ ይገሥጸዋል፤ እርሱም ያፍራል። በኢንተርኔት ግን ስሙን የሸሸገ ሰው ያሻውን ይጽፋል፤ አያሌ እጆችም ተቀብለው ያስተላልፉታል።

ይህም ቃል ብቻ ሆኖ አይቀርም። በአገራችን ከደረሰው አንዱን ላንሣ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ትግራዊው ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ፣ ፎቶግራፋቸው ከውንጀላ ጋር በፌስቡክ ከተሰራጨ በኋላ፣ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. በቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ። ልጃቸው የፌስቡክን ባለቤት ሜታን በኬንያ ከሰሰ፤ የናይሮቢው ከፍተኛ ፍርድ ቤትም ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን እንዳለው በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ወሰነ። ነገር ግን ፍርድ ምንም ቢቀና የሞተን አያስነሣም።

ኢትዮጵያም በ2012 ዓ.ም. የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃን ሥርጭት ለመከላከል አዋጅ ቁጥር 1185 አውጥታለች። በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳተኝነት ጥላቻን የሚያሰራጭ ሰው እስከ 2 ዓመት እሥራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ይጠብቀዋል። የማኅበራዊ መገናኛ ድርጅቶችም ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ ጽሑፉን እንዲያነሡ ታዟል። ይሁን እንጂ አበው «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» እንዳሉት፣ ክፉ ወሬ ለመዛመት 24 ሰዓት አይጠብቅም። ሕግ የሚደርሰው ከጉዳቱ በኋላ ነው፤ ከጉዳቱ በፊት ሊደርስ የሚችለው ዕውቀት ነው።

ይህም ዕውቀት በዚያው ስልክ ይገኛል። ኢትዮጵያ በ1941 ዓ.ም. ድምፅዋን የሰጠችለት፣ 30 አንቀጾች ያሉት ዓለም አቀፍ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ በኢንተርኔት በአማርኛ ይነበባል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን፣ አንቀጽ 29 ደግሞ ሐሳብን የመግለጽ ነፃነትን ይደነግጋል። ሁለቱን አጣምሮ የተማረ ወጣት፣ ሹምን መተቸት መብት፣ ጎረቤትን በዘሩ ማዋረድ ግን በደል መሆኑን ለይቶ ያውቃል።

ስለዚህ መምህራን ሆይ፣ በየሳምንቱ አንድ አንቀጽ በሐዲይኛ፣ በከምባትኛ ወይም በስልጥኛ አብራርታችሁ፣ በድምፅ ቀርጻችሁ ለተማሪዎቻችሁ ላኩላቸው። ወጣቶች ሆይ፣ የጥላቻ ጽሑፍ ሲደርሳችሁ አታስተላልፉት፤ ለድርጅቱ ጠቁሙ፤ የላከላችሁንም ወዳጅ ለብቻው በትሕትና ምከሩት። ዛሬ ማታ ከእጃችሁ ሳታልፍ የቀረች አንዲት የጥላቻ ጽሑፍ የአንድ ቤተ ሰብ ደኅንነት ልትሆን ትችላለችና።