ሰበብና ምክንያት፤ የታላቁ ጦርነት መነሻ ከሞያሌ ሲታይ



የአውሮጳ ኃያላን መንግሥታት እርስ በርሳቸው የተላለቁበት ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በምን ምክንያት ተነሣ? የሚለው ጥያቄ፥ ጦርነቱ ካለቀ ብዙ ዘመን ቢያልፍም፥ ሊቃውንቱን ማከራከሩን አልተወም። የታሪክ መምህርም ከዚህ ምዕራፍ በደረሰ ጊዜ ተማሪው አስቀድሞ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። መልሱ ግን ብዙ ጊዜ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልቃል፤ «ሒትለር ፖላንድን ስለ ወረረ» ይባልና ይታለፋል። ተማሪው ይህን ለፈተና ያጠናዋል፤ ፈተናው ባለፈ ማግስት ግን ጦርነት እንዴት እንደሚነሣ ያወቀው ነገር አለመኖሩ ይገለጣል።

ጥያቄው ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው በድንበር ከተማ ለሚያስተምር መምህር ነው። ሞያሌ ስሟ አንድ ሆኖ በሁለት መንግሥታት የተከፈለች ከተማ ናት፤ አንዱ ወገን በኬንያ፥ ሁለተኛው ወገን በኢትዮጵያ ግዛት ይገኛል። በእንግሊዝኛ የተጻፉት ብዙዎቹ የታሪክ መጻሕፍት ጦርነቱን የሚጀምሩት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነሐሴ 26 ቀን 1931 ዓ.ም. የጀርመን ጦር ፖላንድ ከገባበት ዕለት ነው። (በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።) ከድንበሩ ወዲህ ያለው ልጅ ከአያቱ የሚሰማው ጦርነት ግን በ1928 ዓ.ም. የጀመረ ነው። ሁለቱ ልጆች በአንድ ገበያ ይገናኛሉ፤ በአንድ ቋንቋ ይነጋገራሉ፤ ስለ አንድ ጦርነት የያዙት ታሪክ ግን ይለያያል። መምህሩ ይህን ልዩነት ሳይመረምር ቢያልፈው፥ አንደኛው ልጅ የአያቱን ታሪክ ከዓለም ታሪክ ውጭ የሆነ የመንደር ወሬ አድርጎ ይቆጥረዋል፤ ሁለተኛውም የጎረቤቱን መከራ ሳያውቅ ያድጋል።

የአማርኛ ቋንቋ ለዚህ ትምህርት የሚያገለግሉ ሁለት ቃላት አሉት፤ እነርሱም ሰበብና ምክንያት ናቸው። ሰበብ ማለት አድራጊው ለሥራው የሚያቀርበው ማመካኛ፥ ወይም ነገሩ የፈነዳበት አጋጣሚ ነው። ምክንያት ግን ከበስተኋላው ያለውና ነገሩን የወለደው ሥር ነው። «አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ» የሚለው የአባቶች ምሳሌ ይህን ልዩነት ጠንቅቆ ያስረዳል። ጅቡን ያመጣው ረኀቡ ነው፤ የሚደረድረው ነገር ሁሉ ሰበብ ነው።

ከሁለተኛው በፊት የነበረው ታላቅ ጦርነት ለዚህ ምስክር ነው። ሰኔ 21 ቀን 1906 ዓ.ም. የኦስትሪያው አልጋ ወራሽ ፍራንዝ ፈርዲናንድ በሳራዬቮ ከተማ በጥይት ተገደለ፤ ስድስት ሳምንት ሳይሞላም የአውሮጳ ታላላቅ መንግሥታት ጦርነት ገቡ። ይሁን እንጂ ሚሊዮን ሕዝብ ያለቀው ስለ አንድ ሽጉጥ ነው ብሎ የሚያምን ሊቅ የለም። መንግሥታቱ አስቀድመው በሁለት ጎራ በቃል ኪዳን ተሳስረው፥ በመሣሪያ ተፎካክረው፥ በቅኝ አገር ሽሚያ ተቀያይመው ነበር። ልክ በአምስተኛው ዓመት፥ ሰኔ 21 ቀን 1911 ዓ.ም.፥ በቬርሳይ የተፈረመው ውል በ231ኛው አንቀጹ ኃላፊነቱን በጀርመንና በተባባሪዎቿ ላይ ጣለ። ክርክሩን ይዘጋል የተባለው ይህ አንቀጽ አዲስ ክርክር ከፈተ።

ስለ ሁለተኛው ጦርነት የሚሰጡት አስተያየቶች በአራት ሊጠቃለሉ ይችላሉ። አንደኞቹ ምክንያቱ የሒትለር ፈቃድ ነው፤ ያሰበውን አስቀድሞ በመጽሐፍ ጽፎ ነበር፥ የጻፈውንም ፈጸመ ይላሉ። ሁለተኞቹ የቬርሳይን ውል ይወቅሳሉ፤ ጀርመን መሬት ተወስዶባት፥ ካሣ ተጭኖባት፥ ጦሯ ከ100,000 ሰው እንዳይበልጥ ተወስኖባት ስለ ነበር ቂም መያዟ የማይቀር ነበር ይላሉ። ሦስተኞቹ በ1922 ዓ.ም. የጀመረውን የዓለም የንግድ ውድቀት ያመለክታሉ፤ በ1924 ዓ.ም. በጀርመን ሥራ ያጣው ሰው ወደ 6 ሚሊዮን ደርሶ ስለ ነበር፥ የራበው ሕዝብ ዳቦና ክብር እሰጥሃለሁ ያለውን ተከተለ ይላሉ። አራተኞቹ ደግሞ ጥፋቱን ወራሪውን መከልከል ሲችሉ ባልከለከሉት መንግሥታት ላይ ያደርጋሉ። በ1953 ዓ.ም. እንግሊዛዊው የታሪክ ሊቅ ኤ. ጄ. ፒ. ቴይለር ሒትለር አጋጣሚን የሚጠቀም ሰው እንጂ ጦርነቱን በዝርዝር ያቀደ አልነበረም፤ ጦርነቱ የመጣው ከሁሉም ወገን ስሕተት ነው ብሎ በጻፈ ጊዜ፥ ሌላው ሊቅ ሂው ትሬቨር ሮፐር ብርቱ ተቃውሞ አቀረበበት። የሁለቱ ክርክር እስከ ዛሬ በዩኒቨርሲቲዎች ይጠቀሳል።

ታዲያ መምህር ከእነዚህ አሳቦች መካከል እውነተኛውን ተማሪው በምን እንዲመዝን ያስተምረዋል? ከሚዛኖቹ አንዱ ማነጻጸር ነው። አንድ ነገር የጦርነት ምክንያት ነው ከተባለ፥ ያው ነገር በሌላ ስፍራ በነበረ ጊዜ ምን እንዳስከተለ መመርመር ይገባል። ለዚህም ምርመራ ወልወልና ሞያሌ ይበቃሉ።

ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. በኦጋዴን፥ በወልወል የውሃ ጉድጓዶች አጠገብ የኢጣልያና የኢትዮጵያ ወታደሮች ተዋጉ፤ ከኢትዮጵያውያን ብቻ ከመቶ የሚበልጡ ሞቱ። ስፍራው በኢትዮጵያ ግዛት ውስጥ ሲሆን ድንበሩ በምድር ላይ ተለክቶ አልተተከለም ነበር። ኢጣልያ ይቅርታና 200,000 የማርያ ቴሬዛ ብር ካሣ ጠየቀች፤ ኢትዮጵያም ነገሩ በ1920 ዓ.ም. በተፈረመው የወዳጅነት ውል መሠረት በሽምግልና ይታይ አለች። የሽምግልናው ጉባኤ ነሐሴ 28 ቀን 1927 ዓ.ም. ሁለቱንም ወገን በደለኛ ሳያደርግ ፍርዱን ሰጠ። ሰበቡ በዚህ ተነሣ፤ ጦርነቱ ግን አልቀረም። ልክ ወር በሞላው ጊዜ፥ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፥ የኢጣልያ ጦር መረብን ተሻገረ።

በደቡብ በኩል ያለው ድንበር ደግሞ ይታይ። የኢትዮጵያና የእንግሊዝ መንግሥታት ኅዳር 26 ቀን 1900 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተፈራረሙት ውል በሞያሌ አቅራቢያ የሚያልፈውን መሥመር ወሰኑ። ውሉ በመሥመሩ ግራና ቀኝ የሚኖሩት ከብት አርቢዎች እንደ ጥንቱ በሁለቱም ወገን ግጦሽ እንዲጠቀሙ፥ ወደ ውሃ ጉድጓዶችም ያለ ክልከላ እንዲደርሱ ፈቅዶ ነበር። በዚህም ድንበር ቢሆን ጠብ አልጠፋም፤ ዝርፊያ ነበር፥ ሰው ይሞት ነበር፥ የጋዳዱማ ጉድጓዶች የማን ናቸው የሚለውም ክርክር ለብዙ ዓመታት ዘልቋል። ሆኖም ሁለቱ መንግሥታት ስለ ጉድጓድ ጦር አልተማዘዙም። በመጨረሻም በ1962 ዓ.ም. ነጻይቱ ኬንያና ኢትዮጵያ የድንበር ውል ተፈራረሙ።

እንግዲህ በወልወልም በሞያሌም በኩል ያልጠራ ድንበር፥ ጥቂት ውሃ፥ የታጠቀ ዘብ ነበር። አንዱ ጦርነት ሲያስከትል ሌላው በውል ካለቀ፥ ልዩነቱ ከጉድጓዱ አይደለም ማለት ነው። እንግሊዝም በዚያ ዘመን ራሷ ቅኝ ገዢ ስለ ነበረች፥ ነገሩ በደግነቷ የተፈጸመ ነው ተብሎ አይነገርም፤ በዚያ ወገን የምትሻውን አስቀድማ ይዛ ነበርና። ኢጣልያ ግን ሌላ አሳብ ነበራት። ሙሶሊኒ ታኅሣሥ 21 ቀን 1927 ዓ.ም.፥ ወልወል ከተፈጸመ ወር እንኳ ሳይሞላ፥ ለባለሥልጣኖቹ በጻፈው ምስጢራዊ ትእዛዝ ዓላማው የኢትዮጵያን ጦር ማጥፋትና አገሪቱን በሙሉ መያዝ መሆኑን ገልጦ ነበር። የ1888ቱ የዓድዋ ድል ቂም፥ የፋሺስት መንግሥት የክብር ጥማት፥ በ1907 ዓ.ም. በለንደን በተፈረመው ምስጢራዊ ውል በአፍሪቃ ካሣ ታገኛለሽ የተባለችው ኢጣልያ ቅር መሰኘቷ፥ እነዚህ ሁሉ ሥሮቹ ናቸው። በዚያ ውል መሠረት እንግሊዝ በ1917 ዓ.ም. ከሞያሌ በስተምሥራቅ ያለውን ጁባላንድን ለኢጣልያ አስረክባ ነበር፤ ይህም አላጠገባትም።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። የኢትዮጵያ መወረር ለኢትዮጵያ ታላቅ መከራ ነው፤ ነገር ግን ከአውሮጳ ጦርነት ጋር ምን ያገናኘዋል? ሒትለርም፥ የቬርሳይ ቂምም፥ የንግድ ውድቀቱም ያለ ወልወል የነበሩ ናቸው፤ ጃፓንም ማንቹሪያን የያዘችው ከዚያ አስቀድማ ነው ይባል ይሆናል። ይህ እውነት ነው፤ ታላቁ ጦርነት በወልወል ተወለደ የሚል መምህርም ለአገር ፍቅር ብሎ ታሪክን ያጣምማል። ሆኖም የነገሮቹ ቅደም ተከተል ሲመረመር ግንኙነቱ ይገኛል። በ1926 ዓ.ም. ሐምሌ ጀርመን ኦስትሪያን እንዳትውጥ ጦሯን ወደ ድንበር ያስጠጋችው ኢጣልያ ነበረች። እንግሊዝና ፈረንሳይ ይህን ወዳጅነት ላለማጣት በኢትዮጵያ ጉዳይ ዓይናቸውን ጨፈኑ። የዓለም መንግሥታት ማኅበር ማዕቀብ ቢጥልም የነዳጅ ዘይት አልተከለከለም፥ የሱዌዝ ቦይም አልተዘጋም። የሁለቱ መንግሥታት ሚኒስትሮች፥ ሆርና ላቫል፥ በኅዳር ወር 1928 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ሰፊውን ክፍል ለወራሪው ለመስጠት ተስማሙ። ቴይለር ራሱ የመንግሥታት ማኅበር የሞተው ያን ጊዜ ነው ብሏል። የካቲት 28 ቀን 1928 ዓ.ም. ሒትለር ጦር እንዳይገባበት የተከለከለውን የራይን አውራጃ ሲይዝ የከለከለው አልነበረም። በ1929 ዓ.ም. ሮማና በርሊን ተወዳጁ፤ በ1930 ዓ.ም. ኦስትሪያ ስትዋጥ ኢጣልያ ዝም አለች።

ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ ቆመው ያስረዱት ፍሬ ነገር ይኸው ነበር፤ ነገሩ የኢትዮጵያ ብቻ ሳይሆን የትናንሽ መንግሥታት ሁሉና የጋራ ጸጥታ ጉዳይ መሆኑን አመልክተዋል። እንግዲህ የኢትዮጵያ መወረር የታላቁ ጦርነት ብቸኛ ምክንያት አይደለም፤ ነገር ግን ወራሪዎችን ያስፈራ የነበረው አጥር የፈረሰው በዚያ ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ምሳሌ ድሩ ሳያብር ሲቀር አንበሳው እንደሚፈታም ያስተምራል።

የተፈታውም አንበሳ ዞሮ ሞያሌ ደረሰ። ከወረራው በኋላ በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ወደ ኬንያ ተሰደው በኢሲዮሎ፥ ኋላም በታቬታ ሰፈር ተቀምጠው ነበር። ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ኢጣልያ በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት ባወጀች ጊዜ፥ በጄኔቭ ሩቅ ይመስል የነበረው ጉዳይ ከሞያሌ ሜዳ ላይ ተገኘ። የኢጣልያ ጦር በወሩ መጨረሻ የእንግሊዙን ሞያሌ ከበበ፤ የንጉሡ የአፍሪቃ ጠመንጃ ያዦች የሚባለው ጭፍራ ለሁለት ሳምንት ያህል ተከላክሎ፥ በሐምሌ 7 ሌሊት ምሽጉን ለቅቆ በጨለማ ወጣ። በምሽጉ ውስጥም ሆነ ከምሽጉ ውጭ የነበሩት ወታደሮች አብዛኞቹ ስለ ቬርሳይ ውልም ሆነ ስለ ራይን አውራጃ ያልተጠየቁ አፍሪቃውያን ነበሩ። በየካቲት ወር 1933 ዓ.ም. ኢጣልያ ሞያሌን ለቃ ስትሸሽ፥ አስቀድሞ ወደ ከተማይቱ የገባው ከደቡብ አፍሪቃ ጦር ጋር የተሰለፈ የኢትዮጵያውያን ጭፍራ ነበር። በ1928 አይመለከተንም የተባለው ጉዳይ በአምስተኛው ዓመት በዚህ ዓይነት ተመለሰ።

ከዚህ ሁሉ ለማስተማር ሥራ የሚገኘው ጥቅም ይህ ነው። መምህሩ መልሱን ጽፎ ከማስገልበጥ ይልቅ ክፍሉን በአራት ከፍሎ አራቱን አስተያየቶች ተማሪዎቹ እንዲሟገቱባቸው ቢያደርግ፥ ለእያንዳንዱም ወገን ሦስት ጥያቄ ቢያቀርብ መልካም ነው። አንደኛ፥ ምክንያት ያላችሁት ነገር በእርግጥ ከውጤቱ ቀድሟልን? ሁለተኛ፥ ያው ነገር በሌላ ስፍራ ሳለ ጦርነት ሳይነሣ የቀረበት ጊዜ የለምን? ሦስተኛ፥ ይህ ባይኖር ኖሮ ጦርነቱ በቀረ ነበርን? ተማሪው አሸናፊ ለመባል ሳይሆን ለመመዘን ይከራከራል፤ በማግሥቱም የተቃወመውን ወገን ይዞ እንዲናገር ቢደረግ ይበልጥ ይጠቅመዋል። የትምህርት ቤት ሹማምንትም ለዚህ የሚሆን ሰዓት በመርሐ ግብሩ ቢፈቅዱ፥ በፈተናም የቀን ቁጥር ብቻ ከመጠየቅ ቢቆጠቡ፥ መምህሩ የጀመረው ሥራ ፍሬ ያፈራል።

አንድ ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። ምክንያትን ማስረዳት በደልን ማቃለል አይደለም። ጀርመን ቂም ነበራት ማለት ሒትለር ንጹሕ ነው ማለት እንዳልሆነ፥ ኢጣልያ ቅር ተሰኝታ ነበር ማለትም በኢትዮጵያ ሕዝብ ላይ የተረጨውን የመርዝ ጋዝ አያጸድቅም። ሰው ምክንያት ቢኖረውም ምርጫ አለው፤ ያየና ዝም ያለም እንዲሁ ምርጫ አለው።

በሞያሌ ዛሬም ጉድጓድ አለ፥ ግጦሽ አለ፥ ድንበር አለ፤ ጠብም አልፎ አልፎ ይነሣል። ጠብ በተነሣ ቁጥር ማን ጀመረ ብሎ የሚጮህ ብዙ ነው። በዚያ ጩኸት መካከል ሰበቡን ለይቶ ስለ ምክንያቱ የሚጠይቅ ወጣት እንዲገኝ፥ ይህን መጠየቅ በትምህርት ቤት ሳለ የለመደው መሆን ይኖርበታል። ይህንንም የማስለመድ አደራ በመምህሩ ላይ ተጥሏል።