አሞሌው፣ ነጩ ማርና የሰበካችን ገቢ
ስለ ዘላቂ የተወዳዳሪነት ብልጫ

(በመቐለ ከተማ ለሰበካ ጉባኤያት የልማት ኮሚቴዎች በተዘጋጀ የምክክር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ዛሬ እንድንናገርበት የተሰጠን ርእስ ከነጋዴዎች ቤት የመጣ ነው። «ዘላቂ የተወዳዳሪነት ብልጫ» ይሉታል። «ውድድር» የሚለው ቃል በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ሲነገር ጆሮን እንደሚጎረብጥ እናውቃለን፤ እኛም ዕቅድ ስናዘጋጅ ብዙ ጊዜ ሸሽተነዋል። ይሁን እንጂ ሰበካው በአጥሩ ዙሪያ ሱቅ ሠርቶ ያከራየ፣ ወፍጮ የተከለ ወይም በሬ ያደለበ ዕለት ገበያ ገብቷል፤ በገበያ ደግሞ ከጎኑ ሌላ ሻጭ መኖሩ አይቀርም። ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ግንብ ሊሠራ ስለሚያስብ ሰው የሰጠው ምሳሌ ስለ ደቀ መዝሙርነት የተነገረ ቢሆንም፣ አስቀድሞ ተቀምጦ ማስላት ነውር አለመሆኑን ከእርሱ መረዳት እንችላለን።

ከየሰበካው የሚቀርቡልንን የገቢ ማስገኛ ዕቅዶች ስንመረምር አብዛኞቹ ከሦስት አይወጡም፤ የኪራይ ሱቅ፣ ወፍጮ ቤት፣ ከብት ማድለብ። ለምን ይህን እንደ መረጡ ስንጠይቅ የሚሰጠን መልስ ደግሞ ተመሳሳይ ነው፤ «እነ እገሌ ደብር ሠርተው ተጠቅመዋል።» በእርግጥ የመጀመሪያው ተጠቅሟል። ሁለተኛውም ጥቂት አግኝቷል። አራተኛው ወፍጮ በተተከለበት ቀበሌ ግን እህል የሚያስፈጭ ሰው ቁጥር አልጨመረም፤ አራቱ ወፍጮዎች ያንኑ እህል ተካፈሉት። ከእነዚህ አንዱ የተተከለው ልጆቿን በወፍጮ ገቢ ከምታሳድግ የዚያው ሰበካ ምእመን ደጃፍ ፊት ለፊት ነበር። እርሷም ዐሥራቷን ለዚያው ደብር ትከፍል ነበር። ያንን ዕቅድ መርምረን «ተገቢ ነው» ብለን የፈረምነው እኛ ነን። ስለ ገበያው የጻፍነው አንድ አንቀጽ ብቻ ነበር፤ እርሷም በዚያ አንቀጽ ውስጥ አልነበረችም።

የንግድ ስልት መምህራን በዚህ ጉዳይ ላይ የጻፉት ብዙ ነው። ማይክል ፖርተር የተባለው የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ መምህር እ.ኤ.አ. በ1985 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ፣ አንድ ሻጭ ከሌሎች ሊበልጥ የሚችለው በዝቅተኛ ወጪ በማምረት ወይም ገዢው ዋጋ የሚሰጠው ልዩ ነገር በማቅረብ እንደ ሆነ ያስረዳል። ጄይ ባርኒ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1991 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ፣ ብልጫ የሚዘልቀው በእጃችን ያለው ሀብት ጠቃሚ፣ ብርቅ፣ ሌላው በቀላሉ ሊቀዳው የማይችልና በሌላ ነገር የማይተካ ሲሆን ነው ይላል። የመጽሐፉን ነገር በዚህ እንተወውና ወደምናውቀው አገር እንመለስ።

መቐለ በምን እንደ በለጸገች ታላላቆቻችን ያውቃሉ። አፄ ዮሐንስ 4ኛ መናገሻቸው ካደረጓት ወዲህ ከተማይቱን ከመገቧት ነገሮች አንዱ ከአፋር ዝቅተኛ ስፍራ፣ ከዳሎል አካባቢ የሚመጣው ጨው ነው። ጨው ቆራጮች በዚያ በሚያቃጥል ሜዳ ላይ ጨዉን ፈንቅለው በአሞሌ መልክ ይጠርቡታል፤ የግመሉ ቅፍለትም ለቀናት ተጉዞ ወደ ደጋው ያወጣዋል። አሞሌው ከዚህ ተነሥቶ ወደ ሌሎች የአገሪቱ ክፍሎች ይሄድ ነበር፤ በብዙ ስፍራም እስከ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ እንደ ገንዘብ አገልግሏል። እንግዲህ የመቐለ ብልጫ ምን ነበር? ጨዉ በእርሷ መሬት የሚገኝ አልነበረም። የነበራት ስፍራዋ ነው፤ ቅፍለቱ ከቆላው ወጥቶ የሚያርፍባት፣ ደጋው ገዢ የሚጠብቅባት ገበያ መሆኗ።

ይህ ብልጫ ረጅም ዘመን ቆየ፤ ነገር ግን በሌላ ነገር የሚተካ ነበር። በመጀመሪያ ሳንቲምና ወረቀት የአሞሌን ገንዘብነት ወሰዱ። ኋላም የአፍዴራ ሐይቅ ጨው በጭነት መኪና ወደ መሐል አገር መጓዝ ጀመረ። በ2003 ዓ.ም. ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድድ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ወጣ፤ እንዲህ ያለው ሥርዓት ደግሞ ለተጠረበው አሞሌ ሳይሆን በፋብሪካ ለሚፈጨው ጨው ይመቻል። አስፋልቱም ወደ በረሓሌና ወደ ዳሎል አቅጣጫ ሲዘልቅ መኪናው የግመሉን ሥራ ተካፈለ። መንገድ መሠራቱ በጎ ነገር ነው፤ የሚቃወመው የለም። ኑሮአቸው በግመሉ ላይ የተመሠረተ ባለ ጭነቶች ግን በቤታቸው ሌላ ሙያ አላዘጋጁም ነበር። ዛሬ በመንገድ ዳር በሠራነው ሱቅ ብቻ የምንተማመን ሰበካዎችም የምንደገፈው በዚያው በስፍራ ነው። ከመንገዱ ማዶ የሚነሣ አንድ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ኪራያችንን በአንድ ዓመት ሊያወርደው ይችላል። ሱቅ አትሥሩ ማለታችን አይደለም፤ ገበያ መሐል ያለ የከተማ ደብር ቢሠራ ደግ ነው፤ ሁሉን በዚያ ላይ አይጣል እንጂ።

ከዚህ ቀጥሎ የምናነሣው ነጩን ማር ነው። ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት፤ ከዚህም ውስጥ አብዛኛው ለጠጅ ይውላል። በአጽቢ ወንበርታ፣ በውቅሮ ዙሪያና በሌሎችም የትግራይ ወረዳዎች የሚቆረጠው ነጭ ማር ግን ስሙ በሌላ አገርም ይታወቃል። ስሎው ፉድ የተባለው፣ መቀመጫው በጣልያን የሆነ ማኅበር ጥበቃና ድጋፍ ከሚያደርግላቸው ምርቶች ተርታ አስገብቶታል። ማሩ ሲረጋ እንደ ቅቤ የደቀቀና የነጣ ይሆናል። ይህንን የማያውቅ የሩቅ አገር ገዢ «ስኳር ነው» ብሎ ይጠረጥራል፤ የእኛ አገር ሰው ደግሞ ካልረጋ ይጠረጥራል።

ይህን ነጭነት የሚሰጠው ቀፎው አይደለም። ቀፎ ማንም ይገዛል፤ አሠራሩንም በሳምንት ሥልጠና ይማረዋል። ነጭነቱ የሚመጣው ክረምቱ ሲወጣ በተራራው ገጽ ላይ ከሚያብቡት ቁጥቋጦዎችና ሣሮች፣ ግርብያን ከመሳሰሉት ነው። እነዚህ ደግሞ የቆዩት ሕዝቡ በየዓመቱ ያለ ክፍያ እየወጣ እርከን ስለ ሠራ፣ ተራራውንም ከከብት ንክኪ ስለ ከለለ ነው። የአብርሃ ወአጽብሃ ቀበሌ ሕዝብ በዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2012 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የሚሰጠውን የኢኳተር ሽልማት ተቀብሏል፤ በ2017 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ደግሞ ክልሉ በረሃማነትን በመከላከል ፖሊሲው ዓለም አቀፍ የወርቅ ሽልማት አግኝቷል። ሌላ አገር ያለ ተወዳዳሪ የእኛን ማር ልቅዳ ቢል ከብዙ ዓመታት የእርከን ሥራ ሊጀምር ነው። የገዳማቱና የአድባራቱ ቅጽርም በየዘመኑ በተገዘተ ዛፍና አበባ የተከበበ ነው። አባቶቻችን ይህን ሲያቆዩ ስለ ገበያ አላሰቡም፤ ባርኒ «ሊቀዳ የማይችል» ያለው ሀብት ግን በቅጽራችን ውስጥ ቆሞ ይገኛል።

እዚህ ላይ ስለ ሰም ጥቂት እንቆይ፤ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ስለ ሆነ። ከባህላዊ ቀፎ በዓመት በአማካይ ከ5 እስከ 8 ኪሎ ግራም፣ ከዘመናዊው ከ15 እስከ 20 ኪሎ ግራም ማር እንደሚገኝ በየሥልጠናው ይነገረናል። ስለዚህ ሁላችንም ወደ ዘመናዊው ቸኮልን። ይሁን እንጂ በዘመናዊው ቀፎ የማሩ እንጀራ ከተጣራ በኋላ ለንቦቹ ይመለሳል፤ ስለዚህ ሰሙ እጅግ ጥቂት ነው፤ ከ100 ኪሎ ግራም ማር ከ2 ኪሎ ግራም አይበልጥም። ከባህላዊው ግን ከ8 እስከ 10 ኪሎ ግራም ሰም ይገኛል። ቤተ ክርስቲያን ደግሞ የጧፍ ገዢ ናት፤ ለማኅሌቱም፣ ለቅዳሴውም፣ ለየዕለቱ ጸሎትም። በገበያ የሚሸጠው አብዛኛው ሻማ ከነዳጅ ተረፈ ምርት የተሠራ ፓራፊን ነው፤ ጥቀርሻው ሥዕሎቻችንን ሲያጠቁር እናያለን። ንጹሕ የንብ ሰም ጧፍ የሚያቀርብ ሰበካ ገዢ ፍለጋ ሩቅ አይሄድም፤ ገዢው አጎራባቹ ደብር ነው። እኛ ግን በአንድ ዕቅዳችን የቀፎዎችን ለውጥ ያሰላነው በማሩ ኪሎ ብቻ ነበር። የአንዱ ደብር አረጋዊ ዕቃ ቤት ጠባቂ «ልጄ፣ ጧፉንስ ከየት ልታመጡልን ነው?» ብለው ሲጠይቁን መልስ አልነበረንም። አሁን ሁለቱን ዓይነት ቀፎ አብሮ መያዝን እንመክራለን።

ስሙን በማንጠቅሰው አንድ ሰበካ የደረሰውንም እንናገር፤ ነገሩ እኛንም ይነካናልና። ኮሚቴው ነጭ ማር ቆርጦ በጠርሙስ ሸጠ። ወሬው ተሰማና በሁለተኛው ዓመት ፈላጊው ከምርቱ በለጠ። የኮሚቴው አባላት በቅንነት፣ የደብሩን ጣሪያ ለማስጨረስ ሲሉ፣ ከሌላ ስፍራ የመጣ ርካሽ ማር ገዝተው ከራሳቸው ጋር ቀላቀሉ። አስቀድመው አማክረውን ነበር፤ እኛም ጠንከር ብለን አልተቃወምንም። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ውጭ አገር ላለ ልጃቸው ማሩን የላኩ አንዲት እናት አንድ ጠርሙስ ይዘው መጥተው በሰበካው ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ። «አባቴ፣ ይህ የእናንተ ማር ነው?» ሲሉ የደብሩን አስተዳዳሪ ጠየቋቸው። አስተዳዳሪውም ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ፤ ከዚያም «ግማሹ» ብለው መለሱ።

ኮሚቴው የቀረውን ማር ሰብስቦ፣ የተቀላቀለ መሆኑን ተናግሮ፣ ለጠጅ ጣዮች በዝቅተኛ ዋጋ ሸጠ። ጣሪያው በዚያ ዓመት አልተጠናቀቀም። ከዚያ ወዲህ የሚሸጡት የራሳቸውን ብቻ ነው፤ በእያንዳንዱ ጠርሙስ ላይ የተቆረጠበትን ወርና ቀፎው የቆመበትን ስፍራ ይጽፋሉ፤ ገዢ ቢጠይቅ መዝገቡን ያሳያሉ። ማሩን የሚቆርጡት እንጀራው በንቦቹ ከታሸገ በኋላ ነው፤ ካልታሸገው የሚወጣው ውኃው ይበዛልና። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ከ20 በመቶ በላይ ውኃ ያለውን ማር አይቀበልም። ዘይት የነበረበት ጀሪካን አይጠቀሙም፤ ጭስም ይመጥናሉ፤ ነጭ ማር የኩበት ሽታን ፈጥኖ ይይዛል። ከቀድሞ ገዢዎቻቸው የተመለሱ አሉ፤ ያልተመለሱም አሉ።

ስም ሀብት እንደ ሆነ አገራችን በቡናዋ አይታለች። የኢትዮጵያ መንግሥት ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ሲነሣ ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር አለመግባባት ተፈጥሮ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ዓ.ም. በስምምነት ተፈታ። ከዛፉና ከፍሬው ይልቅ ያን ያህል ያሟገተው ስሙ ነበር። ነገር ግን መዝገብ ስምን ከሌላው ነጣቂነት ይጠብቅ እንደ ሆነ እንጂ ከባለቤቱ እጅ አይጠብቀውም።

በጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ ወዲህ ብዙዎቻችሁ እንደ አዲስ ትጀምራላችሁ። በጦርነቱ ቀፎ የተቃጠለባችሁ፣ ንብ የጠፋባችሁ፣ የተከለለው ተራራ ለማገዶ የተቆረጠባችሁ አላችሁ። ለተራበ ቤት ስለ ሩቅ ዘመን ማውራት ቀላል እንዳልሆነ እናውቃለን። ደመወዙን የሚጠብቅ ካህን አለ፤ ፈጥኖ የሚከፍል ነገር ይሻላል የሚለው ክርክርም ከባድ ነው። ስለዚህ ሁሉም ሰበካ ንብ ያንብ አንልም። በከተማው መካከል ያለ ደብር አበባ የለውም፤ ነገር ግን በአጥሩ ላይ ሱቅ አለው፤ በየሰንበቱም ብዙ ምእመን በደጁ ያልፋል። የገጠሩ ደብር ማርና ሰም አለው፤ ገዢ ግን የለውም። ከከተማው ሱቆች አንዱ ለተከራይ ከመሰጠቱ በፊት የገጠሮቹን ማርና ጧፍ በየደብራቸው ስም ቢሸጥ ሁለቱም በራሳቸው ያለውን አዋጡ ማለት ነው፤ የማንንም እናት ወፍጮም አልዘጉም።

በሚቀጥለው ሩብ ዓመት ለምናደርገው ስብሰባ እያንዳንዱ ኮሚቴ ሦስት ነገር ጽፎ እንዲመጣ እንለምናለን፤ ደብሩ በዓመት ስንት ኪሎ ጧፍ እንደሚገዛና በስንት ብር፣ በቅጽሩና በአካባቢው ተራራ ምን ምን እንደሚያብብና በየትኛው ወር፣ እንዲሁም ልትጀምሩት ያሰባችሁትን ሥራ በሰበካችሁ ውስጥ አስቀድሞ የሚሠራ ማን እንደ ሆነ። የመጨረሻውን በስም ጻፉት፤ በቁጥር ብቻ አትጻፉት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።