ያጋራ ሰው መስክሯል

ምስጋና ሁሉ ለአላህ ይገባው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።  

ዛሬ የማነሳላችሁ በየኪሳችን ይዘነው ስለምንዞረው ስልክና በእርሱ ስለምናስተላልፈው ወሬ ነው። ከሳሪስ እስከ ጀሞ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም ወይም ቲክቶክ የማይገባበት ቤት ጥቂት ነው። ነገሩን በጅምላ አውግዞ ማለፍ ፍትሕ አይሆንም። በ2004 ዓ.ም. ከአወሊያ ግቢ የተነሳው የሙስሊሙ ጥያቄ በመንግሥት ራዲዮና ቴሌቪዥን በቅጡ መሰማት ባልቻለበት ጊዜ፣ «ድምፃችን ይሰማ» የተባለው የፌስቡክ ገጽ ሕዝቡን ያገናኝ፣ ተቃውሞውም በሰላም እንዲሆን ያሳስብ ነበር። ይህን ውለታ አንረሳም።

ጉዳቱንም አይተናል። በ2014 የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ስማቸውና ፎቶግራፋቸው ከውንጀላ ጋር በፌስቡክ ተለጠፈ። ልጃቸው እንደሚለው ጽሑፉ እንዲነሳ ለኩባንያው ቢያመለክትም የሚሰማው አላገኘም። ጥቅምት 24 ቀን ፕሮፌሰሩ በቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ። ልጃቸው በ2015 ሜታን ኬንያ ውስጥ ከሰሰ፤ የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በመጋቢት 2017 ጉዳዩን የማየት ሥልጣን እንዳለው ወሰነ። እንግዲህ ኩባንያውን ፍርድ ቤት ይጠይቀው። ያንን ጽሑፍ አንብበው ለሌላው ያቀበሉትን፣ ከሥሩም እርግማን የጨመሩትን ግን ማን ይጠይቃቸዋል?

ሁለተኛው ጉዳይ የእኛው ነው። ሚያዝያ 18 ቀን 2014፣ በረመዳን፣ ጎንደር ላይ ለሸኽ ከማል ለጋስ ቀብር በወጡ ሙስሊሞች ላይ ጥቃት ደርሶ ብዙ ወገኖቻችን ሞቱ። ኀዘኑ በየስልኩ አገር አዳረሰ። በሁለተኛው ቀን ወራቤ ላይ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። የወራቤ ክርስቲያን ጎንደር ላይ ምን በደለ? ኀዘናችን እውነት ነበር፤ የተፈጸመው ግን ግፍ ነው። እውነተኛ ወሬም ቢሆን አያያዙን ካላወቁበት ያቃጥላል።

ይህ ሁሉ እንዲያው በአጋጣሚ አይመጣም። ኩባንያዎቹ የሚያተርፉት ከማስታወቂያ ስለሆነ ሰው ከስልኩ ላይ እንዳይነሳ ይፈልጋሉ። ፌስቡክ በ2010 ሰው ብዙ የሚነጋገርበትን ጽሑፍ ለማስቀደም አሠራሩን ለወጠ። ፕሮፌሰሩ ከመገደላቸው አንድ ወር ገደማ አስቀድሞ፣ በመስከረም 2014፣ የኩባንያው የቀድሞ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሃውገን ለአሜሪካ ሴኔት ቀርባ፣ ይህ አሠራር ቁጣን እንደሚያራባና በኢትዮጵያም የብሔር ግጭትን እንደሚያባብስ መሰከረች። የእኛ ንዴት ለእነርሱ ገበያ ነው።

ወንድሞቼና እህቶቼ! እኛ የኢስናድ ባለቤቶች ነን። ኪታብ የቀራ ደረሳ ሁሉ እንደሚያውቀው የሐዲስ ሊቃውንት አንዲት ቃል ከመቀበላቸው በፊት «ከማን ሰማህ? እርሱስ ከማን?» እያሉ ሰንሰለቱን ይመረምሩ ነበር። ከአስተላላፊዎቹ አንዱ ማንነቱ ካልታወቀ ወሬው ለማስረጃ አይበቃም። ታዲያ ባለቤቱ ያልታወቀ የቴሌግራም ቻናል ያመጣውን በምን ሚዛን እንቀበላለን? ሱረቱል ሑጁራት በ6ኛው አንቀጹ የአመፀኛን ወሬ ሳናጣራ እንዳንይዝ ያዘናል። በእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ላይ የተወራው ቅጥፈት በመዲና አንድ ወር ያህል ሲዞር፣ የፈጠሩት ሙናፊቆች ቢሆኑም ከምእመናንም ተቀብለው ያወሩት ነበሩ። በሱረቱ-ኑር የወረደው ተግሣጽ እነዚያንም አልማረም።

የአገራችን አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨን ሰው እስከ 3 ዓመት በሚደርስ እስራት ይቀጣል። አላህ ዘንድ ግን ተከታይ አይቆጠርም፤ ለአንድ ሰው ብቻ የላከም ይጠየቃል። «አጋራ» የሚለውን የነካ ጣት ምስክርነት ሰጥቷል።

እንግዲህ አባቶቻችን «ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት» እንዳሉት እናድርግ። ምንጩን የማታውቀውን አትላክ። ያናደደህንም በዙህር ካነበብከው እስከ ዐስር አቆየው፤ ሰግደህ ስትመለስ ሌላ ሆኖ ታገኘዋለህ። የመስጂዳችንን ጉዳይ፣ የጎረቤትን ቅሬታ፣ ከክርስቲያን ወገኖቻችን ጋር የሚነሳን አለመግባባት ወደ ስልክ ሳይሆን ወደ ኮሚቴውና ወደ ሽማግሌዎች አምጡት፤ ፊት ለፊት ተያይቶ የሚነጋገር ሰው ቃሉን ይመጥናል። ወላጆችም ልጆቻችሁን ትምህርቱን እንደምትጠይቁ ሁሉ በስልካቸው ምን እንዳዩ፣ ምን እንደላኩም ጠይቁ።

አላህ ምላሳችንንም ጣታችንንም ከሐሰት ምስክርነት ይጠብቅልን፤ በግፍ ለሞቱት ቤተሰቦች ሶብሩን ይስጥ፤ አገራችንን ሰላም ያድርግልን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።