ስለ ኩላሊት እጥበትና ስለ ዓይን ጤንነት

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር፤ በዕለቱ ላልተገኙ ነዋሪዎች እንዲደርስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የወጣ)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ኩላሊት እጥበት ነው። ነገሩ ሁሉ በአንድ ስብሰባ አያልቅምና አንዱን ወገን ብቻ እንመለከታለን። ይኸውም እጥበት በሰውነታችን ውስጥ ያሉትን ጥቃቅን ማዕድናት እንዴት እንደሚለዋውጥ፣ ይህም ለውጥ ዓይንን እንዴት እንደሚነካ ነው። «ሰውየው የታመመው ኩላሊቱን፤ ታዲያ ዓይኑን ምን ነካው?» እየተባለ በየቤቱ ሲጠየቅ እንሰማለን። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ያላወቀ ቤተሰብ እረዳለሁ ብሎ ሕመምተኛውን ሊጎዳው ይችላል። ስለዚህ ጉዳዩ የሐኪሞች ብቻ አይደለም፤ የኛም ነው።

እጥበት ሲባል ምን ማለት ነው?

በመጀመሪያ ስሙ ራሱ ያሳስታል። የሚታጠበው ኩላሊት አይደለም፤ ደም ነው። ጤነኛ ኩላሊቶች በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም አጣርተው፣ የሚፈለገውን ወደ ደም መልሰው፣ የማይፈለገውን አንድ ሁለት ሊትር በሽንት ያስወጣሉ። ይህ ሥራ ሲቆም ምን እንደሚደርስ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ሐይቃችንን ማየት ይበቃል። ከየተራራው የሚወርደው ውኃ ይገባበታል እንጂ በግልጽ የሚታይ መውጫ ወንዝ የለውም። ውኃው በፀሐይ ይተናል፤ ይዞት የመጣው ጨውና ማዕድን ግን አብሮ አይተንም። ኩላሊቱ ሥራ ያቆመ ሰውም እንዲሁ ነው፤ መግቢያ አለው፣ መውጫ የለውም።

መውጫውን በሰው እጅ ለመክፈት የተሠራው መሣሪያ የእጥበት መኪና ይባላል። የመጀመሪያውን ለሰው ያገለገለ መሣሪያ የሠራው የኔዘርላንዱ ሐኪም ቪለም ኮልፍ ሲሆን፣ ዘመኑም በጦርነቱ መካከል በ1943 እ.ኤ.አ. ነበር። ለቋሊማ መጠቅለያ የሚሆን የሴሎፋን ቱቦ ወስዶ ነው የሠራው። የዛሬው መኪና እጅግ ቢሻሻልም አሠራሩ ያው ነው። በስስ ወንፊት በአንዱ ወገን ደም ይሄዳል፣ በሌላው ወገን የተዘጋጀ ውኃ ይሄዳል። ከበዛበት ወገን ወዳነሰበት ወገን ይሻገራል። ልብ በሉ፤ ወንፊቱ መርዙንና ጠቃሚውን ለይቶ አያውቅም። ትንሽ የሆነውን ሁሉ ያሳልፋል፤ ከደም ወደ ውኃ ብቻ ሳይሆን ከውኃ ወደ ደምም ያሳልፋል።

ጥቃቅን ማዕድናትና ዓይን

ጥቃቅን ማዕድናት የምንላቸው ዚንክ፣ መዳብ፣ ሴሌኒየም፣ ማንጋኒዝና የመሳሰሉት ናቸው። የሚያስፈልጉን በጣም በጥቂቱ ነው። በአንድ ጎልማሳ ሰውነት ውስጥ ያለው ዚንክ በሙሉ ቢሰበሰብ ሁለት ግራም ቢሆን ነው። ጥቂት ናቸው ተብለው ግን የሚናቁ አይደሉም።

ከሰውነት ክፍሎች ሁሉ ዚንክ በብዛት ከሚገኝባቸው አንዱ ዓይን ነው፤ በተለይም ብርሃን የሚቀበለው የኋላው ስስ ሽፋን። ቪታሚን ኤ ከጉበት ወጥቶ ዓይን ዘንድ የሚደርሰውና እዚያም ሥራውን የሚሠራው በዚንክ ረዳትነት ነው። ስለዚህ ዚንክ ሲጎድል ቪታሚን ኤ ሞልቶ እያለ እንኳ የማታ ማየት ሊደክም፣ ማለት ዳፍንት ሊመጣ ይችላል። ሴሌኒየም፣ መዳብና ዚንክ ደግሞ የዓይንን ሌንስ ከመበላሸት የሚጠብቁት የመከላከያ ንጥረ ነገሮች ክፍል ናቸው። መዳብ እጅግ ሲጎድል የዓይን ነርቭ ይጎዳል።

እጥበቱ ምን ይለውጣል?

በ2009 እ.ኤ.አ. ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ አድርጎ የመረመረ ሥራ ታትሞ ነበር። ውጤቱ እንዲህ ነው፤ በእጥበት የሚኖሩ ሰዎች ደም ከጤነኞች ጋር ሲነጻጸር ዚንክ፣ ሴሌኒየምና ማንጋኒዝ ያንሰዋል፤ መዳብ፣ እርሳስና ካድሚየም ይበዛበታል። እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ከዓይን ውስጥ ፈሳሽ የሚወሰደው እንደ ሞራ ማውጣት ባለ ቀዶ ሕክምና ጊዜ ስለሆነ፣ ብዙውን ጊዜ የሚለካው ደሙ ነው። ዓይን ከደም የሚለየው የራሱ አጥር አለው፤ ቢሆንም ቀለቡ የሚመጣው ከደም ስለሆነ ደሙ ለረጅም ጊዜ ሲጎድልበት እሱም ይጎድልበታል።

ጉድለቱ ከምን ይመጣል ቢባል ሁሉም በመኪናው አይሳበብም። ሕመምተኛው የምግብ ፍላጎቱ ይዘጋል፤ ምግብ ይከለከላል፤ የሚወስዳቸው መድኃኒቶችም ማዕድኑን ሆዱ ውስጥ ይይዙበታል። በዚያ ላይ በአገራችን የዚንክ እጥረት በጤነኛውም ሰው ላይ ይታያል።

ትርፉስ ከየት ይመጣል? ዋናው በር ውኃው ነው። ሒሳቡን እንሥራው። ጤነኛ ሰው በቀን ሁለት ሊትር ያህል ውኃ ይጠጣል ብንል በሳምንት 14 ሊትር ይሆናል። በእጥበት ጊዜ ግን በደቂቃ ግማሽ ሊትር ውኃ በደሙ አጠገብ ያልፋል። በአራት ሰዓት 120 ሊትር፣ በሳምንት ሦስት ጊዜ ለሚታጠበው 360 ሊትር መሆኑ ነው። ለመጠጥ ንጹሕ የሆነ ውኃ ለእጥበት ንጹሕ ነው ማለት አይደለም።

ይህን ዓለም የተማረው በሰው ሕይወት ነው። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካና በአውሮፓ ታጣቢዎች ንግግራቸው እየተያዘ፣ አእምሯቸው እየደከመ ይሞቱ ነበር። በ1976 እ.ኤ.አ. በኮሎራዶ የነበሩ ሐኪሞች በሟቾቹ አንጎል ውስጥ ብዙ አሉሚኒየም ማግኘታቸውን አስታወቁ። አሉሚኒየሙ የሚመጣው ከውኃውና ከሚወስዱት የአሉሚኒየም መድኃኒት ነበር። ለማስወጣት ይሰጥ የነበረው ዴፌሮክሳሚን የተባለው መድኃኒት ደግሞ በአንዳንዶቹ ላይ ዓይንና ጆሮ ጎዳ። ዛሬ ውኃው በልዩ ማጣሪያ እየተጣራ ስለሚቀርብ ይህ ችግር ብርቅ ሆኗል። ብርቅ ሆኖ የሚቆየው ግን ማጣሪያው በየጊዜው ሲመረመር ነው።

ዓይን ላይ የሚታየው

አንደኛ፣ መቅላት። በአገራችን የቀላ ዓይን ሁሉ ትራኮማ ይባላል። በታጣቢ ሰው ላይ ግን ካልሲየምና ፎስፌት በዓይኑ ነጭና በብሌኑ ሽፋን ላይ እንደ ደቃቅ አሸዋ ተቀምጠው ዓይኑን ሊያቀሉት፣ ሊቆረቁሩት ይችላሉ። ይህ በቅባትና በጠብታ ብቻ አይድንም፤ የደሙ ሚዛን መስተካከል አለበት።

ሁለተኛ፣ ሞራ። በታጣቢዎች ላይ ከሌላው ሰው ይበልጥ ይታያል።

ሦስተኛ፣ የማታ ማየት መድከምና ብዥታ። ይህ ከማዕድን ጉድለት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠረጠረው ስኳርና የደም ግፊት ነው። ኩላሊቱን የገደሉት እነዚሁ ሁለቱ ሆነው ዓይኑንም በዚያው መንገድ ያገኙታል። ስለዚህ «ማዕድን ነው» ብሎ መተው አይገባም፤ ዓይን ሐኪም ይየው።

ምን እናድርግ? ምንስ አናድርግ?

1ኛ/ ዳፍንት ያዘው ብለን ለታጣቢ ሰው የቪታሚን ኤ እንክብል ገዝተን አንስጥ። ለሕፃን ዓይን ያዳነው መድኃኒት ለእሱ መርዝ ሊሆን ይችላል። ቪታሚን ኤ በእጥበት አይወጣም፤ በደሙ ውስጥም ቀድሞውኑ በዝቶ ይገኛል።

2ኛ/ ዚንክም ቢሆን በሐኪም ትእዛዝ ይሁን። ዚንክ ሲበዛ መዳብን ያሳንሳል፤ መዳብ ሲያንስ ደም ያንሳል፣ የዓይን ነርቭም ይጎዳል። አንዱን ጉድጓድ ስንደፍን ሌላ እንዳንቆፍር።

3ኛ/ የጨጓራ መድኃኒት እየተባሉ በየመደብሩ ከሚሸጡት ብዙዎቹ አሉሚኒየምና ማግኒዥየም አለባቸው። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ሳይጠይቅ አይውሰዳቸው፤ ይልቁንም ከሎሚ ጋር፣ ምክንያቱም ሎሚ አሉሚኒየሙን ወደ ደም ያስገባዋል።

4ኛ/ ኮሶ ከመጠኑ ሲያልፍ የዓይን ነርቭ እንደሚጎዳ በሕክምና የታወቀ ነው። ብዙ ዓይነት ኩልም ሲመረመር እርሳስ ተገኝቶበታል፤ እርሳስ ደግሞ የኩላሊት ጠላት ነው። የባሕል ነው ብለን አንዘናጋ፤ ሕፃናትንማ በፍጹም።

5ኛ/ «ኩላሊት ነውና ሥጋ አይቀምስ» የሚለው ነገር ሁልጊዜ እውነት አይደለም። እጥበት ከመጀመሩ በፊት ፕሮቲን ይቀነስለታል፤ ከጀመረ በኋላ ግን በእጥበቱ ስለሚወጣበት ይበልጥ ያስፈልገዋል። ሥጋና እንቁላል ዚንክ፣ የሐይቃችን ዓሣም ፕሮቲንና ሴሌኒየም ይሰጣል። መጠኑን ሐኪሙ ይወስናል። በጾምም ሆነ በረመዳን ሕመምተኛው አይጨነቅ፤ ቄሱም ሼኹም ለታመመ ሰው የሚሉትን ሁላችንም እናውቃለን።

6ኛ/ ከእጥበት የሚመለስ ሰው ይደክመዋል፤ ዓይኑም ለጥቂት ሰዓት ሊደበዝዝ ይችላል። ብቻውን መንገድ አያቋርጥ፤ ብቻውን ከመኪና አይውረድ።

ስለ ቅሬያችን

በመጨረሻ የምለው አለኝ። በአገራችን ብዙ ታጣቢዎች ሦስት ጊዜ መታጠብ ሲገባቸው በገንዘብ እጥረት ሁለት ጊዜ ይታጠባሉ። ይህ ደግሞ ከላይ የተናገርነውን ሁሉ ያከፋዋል። በመስከረም 2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ በአገራችን ተደርጓል፤ ይህ ትልቅ ተስፋ ነው። ነገር ግን ተስፋው እስኪደርስ ድረስ ሰው በእጥበት መቆየት አለበት።

ቅሬያችን እስላም ክርስቲያን ሳይል ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ እንጨት ይፈልጣል፣ ያስተዛዝናል። መልካም ነው። ታዲያ ይሄው ሰው በሕይወት እያለ የመኪና መሳፈሪያ አጥቶ አንድ እጥበት ሲያመልጠው ዝም ማለታችን ለምንድን ነው? ከወር መዋጯችን ጥቂቱ ለሕያዋን እንዲውል፣ ተራ ገብተንም ሕመምተኛን እንድንሸኝና እንድንቀበል ሐሳብ አቀርባለሁ፤ ስብሰባው ይወያይበት።

ሌሎቻችንም ገና ደኅና ሳለን በዓመት አንድ ጊዜ ግፊታችንን፣ ስኳራችንንና ሽንታችንን እንመርመር። ኩላሊት ሲታመም እንደ ጥርስ አይጮህም፤ የሚናገረው ካለቀ በኋላ ነው።