መኪናችን የት ከረመች?

በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በሥራ አመራር ኮሚቴው ስም የቀረበ ንግግር

 

ስለ ቁጠባና ብድሩ፣ ስለ በርበሬውና ስለ እንጀራው ሽያጭ የሂሳብ ክፍላችን ሪፖርት ያቀርባል። እኛ የቆምነው ስለ ካምቢዮ ልንናገር ነው። ባለፈው ስብሰባ አንዲት እናታችን ከኋላ ተነሥተው «ለመሆኑ ያቺ መኪናችን የት ከረመች?» ብለው ጠይቀው ነበር። ያን ዕለት አድበስብሰን አለፍነው። እሳቸውም ዝም ብለው ተቀመጡ፤ እኛ ግን ዝምታቸው ከነከነን። ዛሬ መልሱን ይዘን መጥተናል።

መኪናዋን እንዴት እንደገዛናት ታውቃላችሁ። የዋጋዋን ግማሽ 64ታችን ለሦስት ዓመት በየወሩ ካስቀመጥነው አወጣን፤ ግማሹን ለጋሾቻችን ሞሉልን። ከዚያ በፊት ጤፉን ከእህል በረንዳ ሽሮ ሜዳ ድረስ የምናመጣው በኪራይ ነበር። እንጀራውን ደግሞ ለየደንበኛው በባጃጅ፣ አንዳንዴም በጀርባ እናደርስ ነበር። ያገለገለ መኪና በርካሽ ግዙ ያሉን ነበሩ። እኛ ግን ተመካክረን አዲስ ትንሽ የጭነት መኪና ገዛን። አንዱ ምክንያታችን ዋስትናው ነበር፤ ሁለት ዓመት ወይም 50,000 ኪሎ ሜትር፣ ከሁለቱ ቀድሞ የደረሰው። «ብትበላሽ እንኳ በነፃ ትሠራልናለች» ተባብለን ተጽናናን። ዋስትናውን የተጻፈበትን ወረቀት ግን በደንብ አላነበብነውም። ከሊብሬው ጋር በላስቲክ ጠቅልለን ሳጥን ውስጥ ቆለፍንበት።

መኪናዋን የምትነዳው ከመካከላችን አንዷ እህታችን ናት። ከልጆቿ ጋር በብዙ ትግል መንጃ ፈቃድ ያወጣች፣ ጠንቃቃ ሰው ናት። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ባለ 50 ሉክ ደብተር ጋቢና ውስጥ አስቀምጣ፣ የሄደችበትን፣ የጫነችውን፣ የቀዳችውን ነዳጅና ቆጣሪው የሚያሳየውን ኪሎ ሜትር በየቀኑ ትጽፋለች። ማንም አላዘዛትም ነበር። አንዳንዶቻችንም «ይህን ሁሉ መጻፍ ምን ያደርጋል» ብለን ስቀንባታል።

የመጀመሪያው ብልሽት በጥር መጣ። ቆጣሪው 6,200 ኪሎ ሜትር ላይ ነበር። ጤፍ ጭና ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ዳገቱን ስትወጣ ሦስተኛው ማርሽ በራሱ ወጥቶ ፎሌ ገባ። ሞተሩ ጮኸ፤ መኪናዋ ጉልበት አጥታ ወደ ኋላ ልትንሸራተት ሆነ። ከጎኗ ሁለት እህቶቻችን ተቀምጠው ነበር። በእግርም በእጅም ፍሬን ይዛ፣ አንደኛ ማርሽ አስገብታ በእግዚአብሔር ቸርነት ወጣች። በማግሥቱ ወደ ሸጠልን ድርጅት ጋራዥ ወሰድናት። «ቀላል ነው፣ በዋስትና ይሠራል» አሉን። 19 ቀን ቆየች። ስትወጣ የሰጡን ወረቀት «ተስተካክሏል» ከሚል አንድ ቃል በቀር ምን እንደተቀየረ አይናገርም። ፈርመን ተቀበልን፤ ደስ ብሎንም ተመለስን።

በግንቦት፣ 8,900 ኪሎ ሜትር ላይ፣ ያው ማርሽ እንደገና መውጣት ጀመረ። አሁን ደግሞ እንደ ወፍጮ ቤት የሚያጓራ ድምፅ ተጨመረበት። የጋራዡ ኃላፊ ይህን ጊዜ ፊታቸው ተለወጠ። «እናቶች፣ ችግሩ መኪናዋ አይደለችም፣ ሾፌራችሁ ናት። እግሯን ፍሪሲዮን ላይ አሳርፋ ነው የምትነዳው። ወንድ ሾፌር ቅጠሩ» አሉን። ያም ሆኖ እንደ ትብብር ቆጥረው በዋስትና ሠሩልን። 33 ቀን ፈጀ።

እዚህ ላይ የምንናገረው የሚያሳፍረንን ነው። ኃላፊውን አመንናቸው። ከእኛው ጋር የቆጠበችውን፣ ከእኛው ጋር የተቸገረችውን እህታችንን ሳይሆን የማናውቀውን ሰው አመንን። ከመሪው አንሥተን ወደ ማሸጊያ ክፍል መለስናት፤ ወንድ ሾፌርም በደመወዝ ቀጠርን። ምንም አልተናገረችም። ደብተሩን ብቻ ለአዲሱ ሾፌር ሰጥታ «እባክህ መጻፉን አትተው» አለችው። እሱም ቃሏን ጠበቀ፤ እናመሰግነዋለን።

በሐምሌ፣ 9,700 ኪሎ ሜትር ላይ፣ ካምቢዮው ለሦስተኛ ጊዜ ተበላሸ። መሪውን የያዘው ወንድ ሾፌር ነበር፤ ቦታውም ያው ዳገት፣ ማርሹም ያው ሦስተኛ ነበር። ኮሚቴው ተሰብስቦ ዝም ተባብለን ተያየን። መጀመሪያ ያደረግነው ነገር ማሸጊያ ክፍል ሄደን እህታችንን ይቅርታ መጠየቅ ነበር። ዛሬም በጉባኤው ፊት እንደግመዋለን፤ ይቅር በይን።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩን በወጉ የያዝነው። የአንዲት አባላችን ልጅ ከቴክኒክና ሙያ በአውቶ መካኒክ የተመረቀች ናት። ካምቢዮውን ራሷ እንድትፈታው አላደረግንም፤ ሌላ ሰው ከነካው ዋስትናው ይቋረጣልና። በጋራዡ ሲፈታ ቆማ እንድታይ ግን በደብዳቤ ጠየቅን፤ ፈቀዱ። ዘይቱ ሲወርድ የማፍሰሻው ብሎን መግነጢስ ላይ የተሰበሰበውን አሳየችን። ጠቆር ያለ ለስላሳ ጭቃ መሳይ ነገር ማርሾች ሲሠሩ የሚያመጡት ነው፤ አያስደነግጥም። በእኛ ላይ ግን በጣት የሚለቀም የብረት ፍርፋሪ ነበረበት።

ምክንያቱን እንዲህ ብላ አስረዳችን። በሁለቱም ጥገናዎች የተቀየረው ሦስተኛው ማርሽና ከጎኑ ያለው ቀለበት ነው። ማርሾቹ የተሰኩበትን ዘንግ የሚሸከመው ኩሽኔት ግን ከመጀመሪያው የተበላ ሳይሆን አይቀርም፤ ማንም አልነካውም። ኩሽኔቱ ሲላላ ዘንጉ ይዋልላል። ዘንጉ ሲዋልል ማርሾቹ በትክክል አይገጥሙም፤ ጭነት ሲበዛ ይፈናቀላሉ። ስለዚህ አዲስ የገባውም ማርሽ በጥቂት ወር ይበላል። እግርን ፍሪሲዮን ላይ ማሳረፍ መጥፎ ልማድ ነው፣ ፍሪሲዮኑን ይጨርሳል፤ ሦስተኛ ማርሽን ብቻ ለይቶ ግን አያስወጣም። እኛ እንደገባን፣ ጣሪያው እያፈሰሰ ወለሉን ሲወለውሉልን ነው የከረሙት።

የሕግ ባለሙያ የሆነች አንዲት እህታችንንም አማከርን። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ይረዳናል ብለን ነበር። አዋጁ ሸማች የሚለው ግን ለግሉ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛን የተፈጥሮ ሰው ነው። በማኅበር ስም የተገዛ የጭነት መኪና በዚያ መንገድ ለመሟገት እንደሚያስቸግር ነገረችን። የእኛ መተማመኛ የሽያጭ ውላችን፣ የዋስትናው ወረቀትና የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው አለች። ሕጉ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል። ገዢም ዕቃውን መመርመር፣ ጉድለት ሲያገኝም ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት። «ማስታወቃችሁን በምን ታሳያላችሁ?» ስትለን ሁላችንም ወደ ደብተሩ ዞርን።

ደብተሩን ገጽ በገጽ ስናነብ ግን የማንወደውንም አገኘን። በፋሲካ ሰሞን፣ ትእዛዝ በዝቶብን፣ ሊብሬው 15 ኩንታል የሚፈቅድላትን መኪና ሁለት ቀን 20 ኩንታል ጭነንባታል። ከልክ በላይ መጫን ዋስትናን እንደሚያሳጣ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። ከመካከላችን «ያቺን ቅጠል እንቅደዳት፣ ማን ያውቃል?» ያለች ነበረች። ጥያቄውን ያነሡት እናታችን የኮሚቴው አማካሪ ናቸው፤ «አንዷን ቅጠል ከቀደዳችሁ የቀረውን ማን ያምናል?» አሉ። ደብተሩን እንዳለ ይዘን ሄድን።

የድርጅቱ ሰዎች እንደጠበቅነው ያን ገጽ ያዙት። እኛም አልካድንም። ግን የመጀመሪያው ብልሽት በጥር የደረሰ መሆኑን፣ ትርፍ የጫንነው ደግሞ በሚያዝያ መሆኑን ከዚያው ደብተር አሳየን። ሦስት ጊዜ ያው ማርሽ እንደተበላሸ፣ ኩሽኔቱም ሁለቱንም ጊዜ እንዳልተቀየረ ተናገርን። ጥፋታችንን ራሳችን ስላመጣን የቀረውን ቃላችንን ለመጠራጠር የከበዳቸው መሰለን። ሁለት ጊዜ ተመላልሰን ተስማማን። ካምቢዮው ሙሉ በሙሉ በአዲስ ይቀየራል፤ የካምቢዮውና የእጅ ዋጋው የእነሱ፣ የፍሪሲዮኑ ሸራና የዘይቱ ዋጋ የእኛ ይሆናል። ለአዲሱ ካምቢዮ የአንድ ዓመት ዋስትና ከተረከብንበት ቀን ጀምሮ እንዲቆጠር በጽሑፍ አስፈረምን። 41 ቀን ቆይታ ለዘመን መለወጫ ዋዜማ ወጣች።

የከፈልነውን እንንገራችሁ። መኪናዋ በጠቅላላው 93 ቀን ቆማለች። በዚህ ጊዜ 39 ጉዞ በኪራይ ሄደናል፤ በአንድ ጉዞ 2,500 ብር፣ በጠቅላላው 97,500 ብር። ዋስትናው ይህን አይከፍልም። በየቀኑ እንጀራ የምናቀርብለት አንድ ደንበኛም ሦስት ቀን በተከታታይ ስለዘገየንበት ውሉን አቋርጧል፤ እስካሁን አልተመለሰም።

ለለጋሾቻችን ደግሞ ሌላ ዕዳ አለብን። በሁለት የሩብ ዓመት ሪፖርቶች ላይ «ተሽከርካሪው በአገልግሎት ላይ ይገኛል» ብለን ጽፈናል። ሁለተኛውን ስንጽፍ ካምቢዮዋ ወርዶ ጋራዥ ውስጥ ነበረች። ማታለል አስበን አይደለም፤ «ለሴቶች መኪና ሰጥተን አበላሹት» እንዳትሉን ፈርተን ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚሉት እውነት ነው። በመጨረሻ እውነቱን ስንጽፍ ከእናንተ አንዱ «ለምን ቀድማችሁ አልነገራችሁንም? ለድርጅቱ ደብዳቤ እንጽፍላችሁ ነበር» አላችሁን። ሌላው ሙሉ ማብራሪያ እስኪደርሳችሁ የግማሽ ዓመቱን ድጋፍ አዘገያችሁ። አልተቀየምንም፤ ተገቢ ነበር። ከእንግዲህ ሪፖርታችን የቆመውንም የሚሄደውንም ይናገራል።

ብዙዎቻችሁ በቤታችሁ ባጃጅ ወይም ሚኒባስ አላችሁ፤ ልጆቻችሁም ሊገዙ ያስባሉ። ስለዚህ የተማርነውን በአጭሩ እናስቀምጥ። የዋስትናውን ወረቀት ከመፈረማችሁ በፊት አንብቡት፤ ምን እንደሚሸፍን ብቻ ሳይሆን ምን እንደማይሸፍንና በምን እንደሚቋረጥ እዩ። ሰርቪሷን በተባለው ጊዜ በተባለው ቦታ አሠሩ፤ ደረሰኙን አትጣሉ። መኪና ለጥገና ስትሰጡ ችግሩን በጽሑፍ ስጡ፣ ቅጂውን አስፈርማችሁ ያዙ። ስትረከቡ ደግሞ «ተስተካክሏል» በሚል ቃል አትመለሱ፤ ምን እንደተፈታ፣ ምን እንደተቀየረ፣ ምክንያቱም ምን እንደሆነ ይጻፍላችሁ። ያው ብልሽት ሁለተኛ ከመጣ «ሥሩ ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሊብሬው ከሚለው በላይ አትጫኑ። ከሁሉ በላይ የራሳችሁን ሰው ሳትሰሙ በሌላ ሰው ቃል አትፍረዱ።

አባቶቻችን በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይላሉ። እኛን ያዳነን ያ የሳቅንበት ደብተር ነው። የመጀመሪያው አልቆ አሁን ሁለተኛው ተጀምሯል። መኪናዋ ዛሬ ከበሩ ውጭ ቆማለች፤ መሪውንም እህታችን መልሳ ይዛለች። ከስብሰባው በኋላ ማየት የምትፈልጉ ውጡና እዩ፤ ደብተሩ ጋቢና ውስጥ ነው፣ ማንም ከፍቶ ማንበብ ይችላል። የፋሲካው ገጽም በቦታው አለ።

እናታችን፣ ለጠየቁን ጥያቄ መልሳችን ይህ ነው። ስላዘገየነው ይቅርታ እንጠይቃለን።