የሐይቅ ዳር ቤት



በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም የብዙ ቤተሰብ ሳምንት ተመሳሳይ ነው። አባት ጎህ ሳይቀድ ታክሲ ይሰለፋል፣ እናት መሽቶባት ትገባለች፣ ልጆች በብሎኮቹ መካከል ኳስ ያንከባልላሉ። በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ ለመተያየት እሑድን ይጠብቃሉ።

በሌላ በኩል ቢሾፍቱ፣ ባቦጋያ ሐይቅ ዳር ቤት ያላቸው የአዲስ አበባ ቤተሰቦች አሉ። ትልቁ ሀብታቸው ግን ግንቡ አይደለም። እዚያ ቁርስ ያለ ጥድፊያ ይበላል፤ ቡናው እስከ በረካ ይጠጣል። አያት በረንዳ ላይ ተቀምጠው የድሮውን ያወራሉ፤ የልጅ ልጆች ስልካቸውን ጥለው ያዳምጣሉ። ክረምታችን ዝናብና ጭቃ ስለሆነ ጊዜው በጋው ነው፤ በተለይ ገናና ጥምቀት ሰሞን፣ ሰማዩ ጠርቶ ውሃው ሲያበራ።

ቤቱ ባይኖረንም ደስታው አልተከለከለንም። ከአባዶ በአያትና በጎሮ አድርጎ ቱሉ ዲምቱ ላይ የፍጥነት መንገዱን መያዝ ነው። ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅ ነው። ምሳው በምሳ ዕቃ፣ ቡናው በፔርሙዝ ይያዛል። ባቦጋያ ሐይቅ ጥንት እሳተ ገሞራ በፈነዳበት ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ነውና ዳሩ ቶሎ ይጠልቃል፤ ሕፃናትን ከጠርዙ አርቁ።

የሐይቅ ዳር ቤት ያላችሁ፣ ቁልፉ ዓመቱን ሙሉ በዘበኛ እጅ አይክረም፤ ዘመድ ጥሩበት። የሌላችሁም አንድ ቅዳሜ ለዩና ቤተሰባችሁን ይዛችሁ ውጡ።